ሚሺጋንን እኔም አልወደውም፤ ግን ዱላው ማን ላይ ይረፍ?

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ እየኖረ የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የኦሃዮ ስቴት ባላጋራ ስለሆነው ስለ ሚሺጋን ደግ ነገር የሚጽፍ ሐበሻ ጤንነቱ ያጠራጥራል። እኔም ራሴን ተጠራጥሬያለሁ። ግን ሰሞኑን እዚህ ባለን ሐበሾች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ ባጭሩ ይህን ይላል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን የተጋጣሚዎቹን ምልክት ሲሰርቅ ተይዞ በገንዘብ ተለቀቀ። ቡድኑ ከማጠቃለያ ውድድር ሊታገድ፣ ዋንጫውም ሊነጠቅ ይገባ ነበር። በ1987 ኤስኤምዩ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ላይ እንደወረደው ዓይነት ከባድ ክንድ ካልታየ ማንም ሕግ አያከብርም። ሕጉ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ለተቀጣ ተጫዋችም ማዘን አይገባም። በመጨረሻ ጸሐፊው ለአንባቢ አንድ ጥያቄ ይወረውራሉ፦ «የታገደው ኦሃዮ ስቴት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ታዝኑ ነበር?» ለዚህችኛዋ መልስ አለኝ፤ ትቆየኝ።

እኔ የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለሁም። ሾፌር ነኝ። ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ከኦሃዮ ስታዲየም ይወጣል። ለእኛ እንጀራ ነው። ጨዋታውን የተማርኩት ከኋላ ወንበር ነው፤ ተሳፋሪዎቼ እየጮሁ፣ እየተሳደቡ፣ አንዳንዴም እያለቀሱ አስተማሩኝ። ሚሺጋን ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ሲያሸንፈን ያን ለቅሶ እኔው ነኝ ተሸክሜ ቤት ያደረስኩት።

ለማያውቅ ሰው ሁለት ነገር ልበል። ፉትቦል ስል ሞላላ ኳስ በእጅ የሚያዝበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ኤንሲኤኤ የሚባለው ደግሞ የኮሌጆቹን ስፖርት የሚገዛው ማኅበር ነው፤ ከ1906 ጀምሮ አለ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

«ሚሺጋን በገንዘብ አመለጠ»

ነገሩን እናስታውስ። ኮነር ስታሊየንስ የሚባል የቡድኑ ሠራተኛ ነበር። ትኬት እየገዛ ሰዎችን ወደ ቀጣይ ተጋጣሚዎች ጨዋታ ይልካል። የተላኩት ሰዎች ከመቀመጫቸው ሆነው የአሰልጣኞቹን የእጅ ምልክት በስልክ ይቀርጻሉ። እሱ ቁጭ ብሎ ይፈታዋል። ምልክት መፍታት በራሱ ጥፋት አይደለም። እዚያው ጨዋታው ላይ እያየህ ከፈታኸው ጉብዝና ይባላል። አስቀድሞ ሰው ልኮ መሰለል ግን ከ1994 ጀምሮ ክልክል ነው። ይህ ከ2021 እስከ 2023 ቆየ። በኦክቶበር 2023 ሲፈነዳ ስታሊየንስ ስልኩን ኩሬ ውስጥ ወረወረው። ንጹሕ ሰው ስልኩን አያጠምቅም።

ኤንሲኤኤ በኦገስት 2025 ፈረደ። 50 ሺህ ዶላር፣ የፉትቦሉ በጀት 10 በመቶ፣ በዚያ ላይ የሁለት ዓመት የማጠቃለያ ውድድር ገቢ። ተደምሮ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገመተ። ዋናው አሰልጣኝ ጂም ሃርቦ ላይ የ10 ዓመት፣ ስታሊየንስ ላይ የ8 ዓመት እገዳ ተጣለ። በኋላ ዋና አሰልጣኝ የሆነው ሼሮን ሙር ከስታሊየንስ ጋር የተጻጻፈውን 52 መልእክት በማጥፋቱ ጥቂት ጨዋታ ታገደ። ቡድኑ ግን ከማጠቃለያ ውድድር አልታገደም። ዋንጫውም እዚያው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተማ አን አርበር ቀረ።

ጸሐፊው «20 ሚሊዮን ለሚሺጋን ምንድን ነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ዋንጫ በ20 ሚሊዮን ይሸጣል ቢባል ተሰልፈው የሚገዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ይህን ነጥብ ያለ ክርክር እሰጣቸዋለሁ። እንዲያውም ልጨምርላቸው። የገንዘብ ቅጣት ሲመጣ የሚቆረጠው ከፉትቦሉ መሆኑን ማን ያረጋግጥልናል? የማውቃቸው የሐበሻ ልጆች ኮሌጅ የሚገቡት በሩጫ ነው። ሩጫ ገቢ አያስገባም። በጀት ሲጠብ ዓይን የሚጣልበት እሱ ነው።

ግን ጸሐፊው «ቡድኑ ይታገድ» ሲሉ የሚታገደው ማን እንደሆነ አልጻፉም። ቡድን እኮ ሕንፃ አይደለም። በ2025 የሚሺጋን ኳርተርባክ፣ ኳሱን የሚያቀብለው የጨዋታው መሪ ማለት ነው፣ ብራይስ አንደርውድ ነበር። ስታሊየንስ ትኬት ሲገዛ ይህ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ምን ሰረቀ? የኤንሲኤኤ ዳኞች ራሳቸው ጥፋቱ እገዳ የሚያስጥል ነው ብለዋል። ያልጣሉት ጥፋቱን የሠሩት ሰዎች ስለሄዱና ዱላው የሚያርፈው ባሉት ልጆች ላይ ስለሆነ ነው። ስለ ሚሺጋን ያንገበገበኝን ያህል፣ እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

እኔን የሚያናድደኝ ጊዜው ነው። ሚሺጋንም ኦሃዮ ስቴትም ያሉበት ሊግ፣ ቢግ ቴን፣ ወሬው በተሰማ በሦስት ሳምንት ገደማ ሃርቦን ለሦስት ጨዋታ አገደው። አንዱ ከእኛ ጋር የነበረው ነው። (ያለ እሱም 30 ለ 24 አሸነፉን፤ እሱን ተዉት።) ስለዚህ መፍጠን ይቻላል። ኤንሲኤኤስ? በጃንዋሪ 2024 ሚሺጋን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ወር ሃርቦ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ቻርጀርስ ቡድን ሄደ። ፍርዱ የመጣው ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል አልፎ ነው። የ10 ዓመቱ እገዳ የሚጀምረው ደግሞ በኦገስት 2028 ነው፤ ከዚያ በፊት በሌላ ጥፋት የተጣለበት የ4 ዓመት እገዳ ስላላለቀ። እስከ 2038 ማለት ነው። ሰውዬው ያኔ 74 ዓመቱ ነው። እገዳው የኮሌጅ ብቻ ስለሆነ በኤንኤፍኤል ደመወዙን እየበላ ነው የሚጨርሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸ ነው። ጸሐፊው በዚህ ላይ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ገረመኝ።

«ኤስኤምዩን ያየ ተቀጣ»

ኤስኤምዩ ዳላስ ያለው የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ጸሐፊው የታሪኩን ግማሽ ነግረውናል። ሌላው ግማሽ ይበልጣል።

በ1980ዎቹ ሀብታም የሆኑ የዩኒቨርሲቲው ደጋፊዎች ለተጫዋቾች በድብቅ ደመወዝ ይከፍሉ ነበር። በ1985 ተያዙና ተቀጡ። ከቅጣቱ በኋላም ለ13 ተጫዋቾች መክፈላቸውን ቀጠሉ፤ 61 ሺህ ዶላር ያህል። ቃል ገብተውላቸው ነበር፤ ቢያቋርጡ ልጆቹ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ሰጉ። በፌብሩዋሪ 1987 ኤንሲኤኤ «የሞት ቅጣት» የሚባለውን አወረደ። የ1987 የውድድር ዓመት ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። የ1988ን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተወው።

ክፍያው እንዲቀጥል የወሰነው ማን ነበር? ከወሰኑት አንዱ የዩኒቨርሲቲው የቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት ቢል ክሌመንትስ ናቸው። ቅጣቱ በወረደ በቀናት ውስጥ ራሳቸው በአደባባይ አመኑ። ሲያምኑ ሥራቸው ምን ነበር? የቴክሳስ ገዥ። ሥልጣኑን የያዙት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። እስከ 1991 ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጨረሱ።

ልጆቹስ? የሌሎች ኮሌጆች መልማዮች ግቢው ውስጥ ገብተው እንደ ቅዳሜ ገበያ በግ እየዳበሱ ወሰዷቸው። የቀረው ቡድን ከ1989 እስከ 2008 ባሉት ሃያ ዓመታት ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈው በአንዱ ብቻ ነው፤ በ1997። ከቅጣቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦውል፣ ጥሩ ለተጫወቱ ቡድኖች የሚዘጋጀውን የዓመት መጨረሻ ጨዋታ፣ የተጫወተው በ2009 ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ ቅጣቱ ሲወርድ ገና አልተወለዱም። ገዥው ወንበር ላይ፣ ያልተወለደው ልጅ ዕዳ ውስጥ። ጸሐፊው «ፍትሕ» ያሉት ይህን ነው።

«ያየ ተቀጣ» የሚለውም ቢሆን አይሞላልኝም። ኤንሲኤኤ ራሱ ባደረገው የደነገጠ ይመስላል፤ በትልቁ ፉትቦል ያን ቅጣት ዳግም አልጣለም። ሌሎቹም ማጭበርበሩን አልተዉም። ትተው ቢሆን ኖሮ የዛሬው ጽሑፌ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

«ዋንጫው ይነጠቅ»

ይህን ቅጣት ኤንሲኤኤ ይወደዋል፤ ምንም ስለማያስወጣው። ድሉ «ተሰረዘ» ይባላል። ልብ በሉ፣ ድሉ ለተሸነፈው አይሰጥም። እንዳልተደረገ ይቆጠራል እንጂ። ሉዊቪል በ2013 የወሰደው የቅርጫት ኳስ ዋንጫ በ2018 ተሰረዘ፤ ባንዲራው ከጣሪያው ወረደ። በዚያ ፍጻሜ 82 ለ 76 የተሸነፈው ማን ነበር? ሚሺጋን። ዋንጫው አልደረሰውም። የ2013 ሻምፒዮን ዛሬ በመዝገቡ ላይ ማንም አይደለም። ጨዋታውን ያየነው ሁሉ ግን አልረሳነውም። ሰውን እርሳ ብሎ መቅጣት የት ያዋጣል?

ሬጂ ቡሽን ውሰዱ። በ2005 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዩኤስሲ፣ እየተጫወተ የሃይስማን ሽልማትን፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ክብር ማለት ነው፣ ወሰደ። ቤተሰቡ ወኪል ለመሆን ከሚፈልጉ ሰዎች ገንዘብና የሚኖሩበት ቤት አግኝተዋል ተባለ። ፍርዱ በጁን 2010 መጣ። ለሁለት ዓመት ከቦውል እገዳ፣ 30 ስኮላርሺፕ ተቀነሰ፣ 14 ድል ተሰረዘ። አሰልጣኙ ፒት ካሮል በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ወደ ኤንኤፍኤሉ የሲያትል ቡድን ሄዶ ነበር። በ2014 የኤንኤፍኤልን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ። የቀሩት የዩኤስሲ ልጆች ሁለት ዲሴምበር ቤታቸው ተቀመጡ። ቡሽ ሽልማቱን በ2010 መለሰ። በአፕሪል 2024 «እንካ» ተብሎ ተመለሰለት፤ እሱ የተቀጣበት ዓይነት ነገር በብዛት የተፈቀደ ሆኗልና። ሁለት ዓመታቸውን የተነጠቁት ልጆች ግን የሚመለስላቸው የለም።

ትንሿ ደግሞ ታሳዝናለች። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቴኒስ ቡድን ውስጥ ሁለት ልጆች ከግቢ ወጥተው ሲኖሩ የግቢው የስልክ መስመር ክፍያ በቢሮ ስህተት መታሰቡ አልተቋረጠም። 252 ዶላር ነው። ልጆቹ አልጠየቁም፣ አላወቁም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አግኝቶ ራሱ አመለከተ። በ2020 የ2017 የሊግ ሻምፒዮንነታቸው ተሰረዘ። 252 ዶላር! ስለዚህ ጸሐፊው «ዋንጫ መንጠቅ» ሲሉ በሐሳባቸው ሃርቦ ይታያቸው ይሆናል። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የሚይዘው የቴኒስ ልጅ ነው።

«ሕግ ለሁሉም እኩል ነው»

እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ጸሐፊው ይህን አረፍተ ነገር የጻፉት ያለ ምንም ምሳሌ ነው። ምሳሌዎቹን እኔ ላምጣ።

ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት አስጠኚ ለ12 ስፖርተኞች የቤት ሥራና ፈተና ሠርታ ነበር። ራሷ ወጥታ ተናገረች። ዩኒቨርሲቲው ምርመራውን ተባበረ፤ መተባበሩን ኤንሲኤኤም መስክሮለታል። በ2019 ምን አገኘ? ፉትቦል፣ ቤዝቦልና ሶፍትቦል ለአንድ ዓመት ከማጠቃለያ ውድድር ታገዱ። ይግባኝ አለ፤ ተቀባይነት አላገኘም።

አሁን ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እንሂድ፤ ወደ ቻፕል ሂል። ከ1993 እስከ 2011፣ 18 ዓመት ሙሉ፣ መምህር የማይገባባቸው ኮርሶች ነበሩ። ተማሪው አንድ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱን የምታርመው የትምህርት ክፍሉ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች፤ ማርኳ ደግሞ ለጋስ ነው። ከ3,100 በላይ ተማሪዎች አልፈውበታል፤ ግማሽ የሚጠጉት ስፖርተኞች። በ2017 ኤንሲኤኤ «ሕግ ተጥሷል ማለት አልቻልኩም» አለ። ለምን? ኮርሶቹ ለስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ! ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ ለሌላ ተቋም በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን የትምህርት ማጭበርበር ብሎት ነበር። ኤንሲኤኤ ፊት ሲቀርብ ያ ቃል የአጻጻፍ ስህተት ነው አለ። አለፈለት።

አስቡት። አንድ አስጠኚ፣ 12 ልጅ፣ እገዳ። አሥራ ስምንት ዓመት፣ ሦስት ሺህ ሰው፣ ምንም። ትንሽ ካጭበረበርክ ቅጣት፣ በጅምላ ካጭበረበርክ «የሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ»።

የቅርጫት ኳሱ ይብሳል። በሴፕቴምበር 2017 ኤፍቢአይ የጉቦ መረብ ይዞ ረዳት አሰልጣኞችን አሰረ። ከታሰሩት አንዱ የኦክላሆማ ስቴት ሰው ነው፤ 18 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ጉቦ ወስዷል። ዩኒቨርሲቲው ወዲያው አባረረው። ሰውዬው ታስሮ ወጣ። ቡድኑ ከዚህ ሁሉ አንዳች ጥቅም አላገኘም። ኦክላሆማ ስቴት ተባበረ፤ ከዚያ የአንድ ዓመት እገዳ ተጣለበት። በ2022 ማርች ልጆቹ ውድድሩን በቴሌቪዥን አዩ።

በዚያች ማርች ማን ይጫወት ነበር? ካንሳስ። በዚያው ምርመራ ሰበብ ከ2019 ጀምሮ አምስት ከባድ ክሶች የተደረደሩበት ካንሳስ። ካንሳስ አልተባበረም፤ ጠበቃ አቆመና ተከራከረ። ክሱ ሲጓተት እሱ የ2022ን ዋንጫ ወሰደ። ፍርዱ በኦክቶበር 2023 ሲመጣ ከባዶቹ ክሶች ቀለሉ። የክትትል ጊዜና ጥቂት የድሮ ድል መሰረዝ ብቻ። እገዳ የለም። ኦክላሆማ ስቴቶች ሲቃጠሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ይህን ያየ የሌላ ኮሌጅ ጠበቃ ምን ይማራል? ተባብረህ ከተናዘዝክ ትገረፋለህ፤ ክደህ ካጓተትክ ትተርፋለህ። እኔ ለሚሺጋን ካዘንኩት በላይ ለዚህ ትምህርት እፈራለሁ። ጸሐፊው ጠንካራ ክንድ ይፈልጋሉ። ክንዱ ጠንክሮ አቅጣጫው ከጠፋውስ?

የላስ ቬጋሱ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጄሪ ታርካኒያን ይህን ድሮ ቀልዶበታል። ኤንሲኤኤ በትልቁ ኬንታኪ በጣም ተናድዷል፣ ስለዚህ ትንሹን ክሊቭላንድ ስቴትን ሁለት ዓመት ይቀጣዋል አለ። በአማርኛ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ክሊቭላንድ ስቴት በእውነትም በ1988 ተቀጥቷል። ጥፋቱም ማኑት ቦልንና ሌሎች ሁለት አፍሪካውያን ልጆችን ሲያመጣ ገንዘብ ረድቷል የሚል ነው። አዎ፣ ያ ረጅሙ የደቡብ ሱዳን ዲንካ፣ በኋላ ኤንቢኤ የገባው። ታርካኒያን ራሱ ከኤንሲኤኤ ጋር ከአሥርታት በላይ ሲሟገት ኖሮ በ1998 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ታረቁ።

የራሳችንንም ጉድ ልናገር፤ አለዚያ ጸሐፊው ይይዙኛል። በዲሴምበር 2010 አምስት የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ማሊያና ቀለበታቸውን ለገንዘብና ለንቅሳት ሲለውጡ ተገኙ። አምስት ጨዋታ ታገዱ። ግን እገዳው የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ነው ተባለ። ከፊታቸው ያለውን ሹገር ቦውል ይጫወቱ! ተጫወቱ። አርካንሶን 31 ለ 26 አሸነፉ። ኮሎምበስ ጨፈረች። የትልቁ ጨዋታ ቴሌቪዥን ይጠብቃል፤ ፍትሕ ግን ትንሽ ትታገስ።

«ገንዘብ የተቀበለ ልጅ ዐውቆ ነው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ቁጣቸው ይበረታል። ልጆቹ አዋቂ ናቸው፣ ሕጉን ፈርመዋል፣ አይታዘንላቸው ይላሉ። መፈረማቸው እውነት ነው። ግን ምን ላይ ነው የፈረሙት?

የጆርጂያው ኤ.ጄ. ግሪን በ2010 የራሱን ማሊያ በ1,000 ዶላር ሸጠ። አራት ጨዋታ ታገደ። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የእሱ ቁጥር ያለበትን ማሊያ ለደጋፊ ይሸጥ ነበር። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ለ 0 በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ተጫዋች በስሙ ገንዘብ መሥራት ተፈቀደለት። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለተጫዋቾቹ ገንዘብ ማካፈል ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ትናንት ኃጢአት የነበረው ዛሬ ደመወዝ ነው። ሕጉ ሕግ እስከሆነ ድረስ መከበር ነበረበት፤ እሺ። ግን ለ1,000 ዶላር የአንድ ልጅን ሲዝን ሲሶ መውሰድና ለአሰልጣኝ ዝም ማለት ሚዛን አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛም ጉዳይ አለ። በተማሪ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሯጭ እንደ አሜሪካኖቹ ጓደኞቹ በስሙ ማስታወቂያ ልሥራ ቢል ቪዛው አደጋ ላይ ይወድቃል። እዚሁ የተወለዱት፣ እንደ ያሬድ ንጉሤ ያሉት (ለኖትር ዳም ሮጦ በ2019 በ1,500 ሜትር የኮሌጆቹ ሻምፒዮን የሆነው፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ ያገኘው) ይህ ችግር የለባቸውም። ለባለ ቪዛው ልጅ ስኮላርሺፑ ሁሉ ነገሩ ነው። ቡድኑ ሲታገድ ወይም ስኮላርሺፕ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚናጋው እሱ ነው። ጸሐፊው የእኛን ልጆች ወላጆች ጠርተው ስለ «ጠንካራ ክንድ» ሲመክሩ ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ አሰልጣኞች በአንድ መስመር ያለፉትንም ልመልስ፤ «አሰልጣኝ የበታቹን ሁሉ ሊከታተል አይችልም» ብለዋል። ሚሊዮን የሚከፈለው ምን ሊሠራ ነው ታዲያ? ከ2023 ጀምሮ የኤንሲኤኤ ሕግም ይህን ሰበብ ዘግቶታል፤ በሥሩ የተሠራ ጥፋት የዋናው አሰልጣኝ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን ትላላችሁ? የቴነሲው ፍርድ ለእኔ ወደ ልቤ ይቀርባል። በ2023 ከ200 በላይ ጥሰት ተገኘ። አሰልጣኙ ጄረሚ ፕሩት ተባሯል፣ ስድስት ዓመት ታግዷል። ዩኒቨርሲቲው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ልጆቹ ግን ከቦውል አልታገዱም። ጉድለቱ አለ፤ 28 ስኮላርሺፕ ተቀንሷል፣ ያም ልጅን ነው የሚነካው። አቅጣጫው ግን ጥሩ ነው።

የጎደለው ቅጣቱ ሰውየውን ተከትሎ መሄዱ ነው። አይቻልም እንዳትሉኝ። ተደርጓል! ከንቅሳቱ ልጆች አንዱ ቴሬል ፕራየር በ2011 ወደ ኤንኤፍኤል ሲሸሽ ሊጉ አምስቱን ጨዋታ እዚያ አስቀጣው። የ22 ዓመት ልጅ ሲሆን የኮሌጁ ቅጣት ተከትሎት ሄደ። የኦሃዮ ስቴት አሰልጣኝ የነበረው ጂም ትሬስል በኤንኤፍኤሉ የኢንዲያናፖሊስ ቡድን ሲቀጠርም ጥቂት ሳምንት እንዲጠብቅ ተደረገ። ለካሮል የለም። ለሃርቦ የለም። ለንቅሳት የደረሰ ክንድ ለስለላ ለምን ያጥራል? ከአሰልጣኙ ውል ላይ የዋንጫው ጉርሻ ይመለስ፣ የፕሮፌሽናሉ ሊግ እገዳውን ያክብር፣ ፍርዱም ልጆቹ ሳይመረቁ ይምጣ። ያኔ ሚሺጋንን አብረን እንሰድባለን።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ። «ኦሃዮ ስቴት ቢሆን ኖሮ?»

ሆኗል እኮ። ትሬስል የንቅሳቱን ነገር ከአፕሪል 2010 ጀምሮ በኢሜይል ተነግሮት ያውቅ ነበር። ደበቀ። በሜይ 2011 ሥራውን ለቀቀ። ዛሬ የኦሃዮ ምክትል ገዥ ነው፤ ከቴክሳሱ ገዥ ከክሌመንትስ ጋር አንድ ቀን ተገናኝተው አውርተው ቢሆን ጥሩ ነበር። ቅጣቱ ያረፈው የ2012 ቡድን ላይ ነው። አዲስ አሰልጣኝ፣ ኧርባን ማየር። ከንቅሳቶቹ ልጆች አንድም የለም። ያ ቡድን 12 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ። ኖቬምበር 24፣ 2012 እዚሁ ኮሎምበስ ሚሺጋንን 26 ለ 21 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም። ቦውል የለም፣ የዋንጫ ጨዋታ የለም። ልጆቹ ቀጣዩን ሳምንት ፈተናቸውን አጠኑ።

ያን ማታ ስታዲየሙ አካባቢ የጫንኳቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቀይ ሹራብ፣ በእጃቸው የተጨማደደ ትኬት። አሸንፈን እኮ ነው። ግን ከኋላ ወንበር ሆነው «እነዚህ ልጆች ምን አደረጉ?» አሉኝ። የሚመልስ አላገኘሁም፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ነዳሁ።